የቀረ ሰው ድርሻ

ባለፈው ሚካኤል ዳባት ላይ የጠመቅሁት ጠላ የመጨረሻዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋን አልነካሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ጉልበቴ ነው እላለሁ። ጉልበቴስ ደህና ነው፣ የከዳኝ ጆሮዬ ነው። ግራው ጭራሽ አይሰማም፣ ቀኙም ሲፈልግ ይሰማል ሲፈልግ ይተኛል። ጠላ ጠማቂ ጆሮዋ ከሄደ ምን ቀራት? እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ጻፊ ቤዛ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው። ለምን እንደማስጽፍሽ መጨረሻው ላይ እነግርሻለሁ። አሁን ልቤ ተንጠልጥሎ ነው ያለው።

ሥራዬ ድግስ ነበር። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ ማኅበር። ያስተማሩኝ እሜት ደብሬ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረው። እዚሁ ደባርቅ ከገበያው በታች ነበር ቤታቸው። ከጃናሞራ የመጣ ገብስና ከወገራ የመጣ ገብስ በጥርሳቸው ሰብረው ይለያሉ። ጠላ ላይ ግን ምላሳቸውን አያምኑም። "ምላስ ትናንት በበላው ይዋሻል፣ ጠላ በጆሮ ነው የሚጠመቅ" ይሉ ነበር። ነጠላቸውን ከራሳቸው ያወርዱና ጆሯቸውን ጋኑ ሆድ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛ ትንፋሽ አናወጣም።

ድፍድፉ መጀመሪያ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይጯጯኻል። ቀጥሎ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ያጉረመርማል። በመጨረሻ ደጀ ሰላም ላይ እንደ ተቀመጡ ሴቶች ያንሾካሹካል። "ሲያንሾካሹክ ድረሽበት" ይላሉ። "ሲጮህ ከከፈትሽው ሆድ ይነፋል፣ ዝም ካለ በኋላ ከደረስሽ ሆምጣጤ ነው።"

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ድግሱ ሳይከፈት፣ ቄሱ ሳይባርኩ፣ አንድ ሳህን ሞልተው በሌላ ሳህን ይከድኑና ጓዳ ያስቀምጣሉ። የቀረ ሰው ድርሻ ነው። የታመመ ይኖራል፣ የተጣላ ይኖራል፣ የሚለብሰው አጥቶ የቀረ ይኖራል። ጀንበር ሳትጠልቅ ያ ሳህን ባለቤቱ ጋ ይደርሳል። እኔ ልጅ ሆኜ "ማንም ባይቀርስ እሜቴ?" ብያቸው ሳቁብኝ። "ሰው ያልቀረበት ድግስ አይቼ አላውቅም። የመጣውንማ ዓይን ያየዋል፣ ልጄ። ድግስ የሚለካ በቀረው ነው።"

እሳቸው ሲያርፉ ሥራውን እኔ ያዝሁት። አንድ ሰሞን ሰሜን ተራራ፣ ቡይት ራስ ላይ፣ ሎጅ ገብቼ ነበር። አለቃው "ለፈረንጆቹ ባህላዊ ጠላ ጥመቂ" አለኝ። ጠመቅሁ። ፈረንጆቹ ጣሳውን ፎቶ አንስተው ሳይጠጡት ወደ ተራራው ሄዱ። ያንን ቤት በወሩ ለቀቅሁት። ደመወዙ ደህና ነበር፣ ማንም የማይጠጣውን መጥመቅ ግን ሰውነት ያሳክካል።

የወደቅሁባት ቀን ዳባት ላይ ናት። እትየ ባንቺ ታላቂቱን ልጇን ስትድር ነው። እትየ ባንቺ ዳባት ከመንገዱ ዳር ቤት ያላት፣ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። ጠላውን ደባርቅ ጠነሰስሁላት። ገና ሲያጉረመርም የወንዱ ወገኖች ቀኑን ወደፊት ሳቡት። የሚፈላ ጠላ አይነቀነቅም፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ግን ምን ላድርግ? ጋኖቹን በገለባ ጠቅልዬ ጭነት መኪና ላይ ጫንሁ፣ እኔም መሀላቸው ተቀመጥሁ። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር አቅፌ እይዛቸዋለሁ። ዳባት ደርሼ ጆሮዬን ብለጥፍ ድምፁ ተደባልቋል። ገበያው፣ ጸቡ፣ ሹክሹክታው አንድ ላይ። ሲቀዳ ጥሬ ነበር፣ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ይቧጥጣል። የወንዱ አጎት ተፋው። "ይቺ ናት የደባርቅ ጠማቂ? የእግር ማጠቢያ ነው እንዴ ያመጣችልን!" አለ በዳሱ መሀል።

እትየ ባንቺ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ጣሳውን ከእጁ ተቀብላ እስከ አተላው ድረስ ጨለጠችው። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ "የኔ ቤት ጠላ እንዲህ ነው፣ ያልለመደ ቀስ ብሎ ይጠጣል" አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀና ጣሳውን አነሳ። እኔ ጓዳ ሆኜ አየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትየ ባንቺ ያለችኝን እምቢ ማለት አልችልም።

ኋላ ልጄ አስናቀች ቻይና አገር፣ ጓንጆ ከሚሉት ከተማ፣ ልብስ እየገዛች ወደዚህ ትልክ ጀመር። እዚያው አግብታ ወለደች። "እማዬ፣ ነይና ልጅ ያዥልኝ" አለችኝ። ይህን የሰማች እትየ ባንቺ ከዳባት ደባርቅ ድረስ መጣች። ታናሿ ልጇ የሺ እዚያው ከተማ ለትምህርት ሄዳ ቀርታለች። ትደውላለች፣ ግን ፊቷን አታሳይም።

"ድምፅዋ የኔ ልጅ ነው፣ ፊቷን ግን አላየሁም" አለችኝ። "አደራሽን። በዓይንሽ አይተሽ፣ ደህና ናት በይኝ። ደህና ካልሆነችም አትደብቂኝ።"

አደራ ተሸክሜ ሄድሁ። ከጌሾው ጋር አደራውም ሻንጣዬ ውስጥ ነበር።

ጓንጆ ሙቀቱ እንደ ድስት እንፋሎት ነው። ቤቱ ፎቅ ላይ ፎቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ፊደል ለማያውቅ ሰው አገሩ ሁሉ ግድግዳ ነው። ልጅ ልይዝ ሄጄ፣ ጠማቂ መሆኔን ሀበሾቹ ሲሰሙ ሥራዬ ተከትሎኝ መጣ። ነጋዴ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ካርጎ የሚያሽግ አለ። ልደት ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ ሰው ወደ አገሩ ሲሸኝ ይሰበሰባሉ። ሁሉም ይስቃል፣ ግን ጆሮው በር ላይ ነው። አንዱ ድምፁን ሲያወጣ ሌላው "ቀስ! ጎረቤት!" ይለዋል። የመርዶ ቀንማ አይነሳ። የአንዱ ልጅ እናት ወገራ ላይ ሞተችና ሊያረዱት ጎሕ ሳይቀድ ተሰበሰብን። ሲነግሩት ሴቶቹ ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እሱም ትራስ ተሰጠው። ለቅሶ ያለ ድምፅ አይቼ የማላውቅ፣ እዚያ አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳልፈራ ያደርሁበት ቀን የለም።

በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር አለቻቸው። ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ ማለቴ ነው፣ ጋሽ ወንድይፍራው ይባላል። ስሙ ወንድይፍራው ይሁን እንጂ እሱ ሊፍት ይፈራል፣ በደረጃ ነው የሚወጣ። ቄስ ስለሌለ የኛው የደባርቁ ቄስ በስልክ ያሳርጉልናል። "ዳቦውን በስልክ መቁረስ አልችልም፣ ጸሎቱን ግን አደርሳለሁ" አሉ። አንዳንዴ "በስመ አብ ወወልድ" ብለው ይቋረጣሉ። ያን ጊዜ ማንም አይቀመጥም፣ መንፈስ ቅዱስ እስኪመጣ ሁላችንም ቆመን ስልኩን እናያለን።

የሺን በዓይኔ ያየኋት ከገባሁ በሁለተኛው ማኅበር ነው። እሷ አልመጣችም፣ እኔ ሄድሁ። የከደንሁትን ሳህን ይዤ አስናቀችን "የቀረው ማነው?" ብላት ጫማዋን አድርጋ ወሰደችኝ። ከዚያው ግቢ የኋላው ፎቅ ሥር፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ አገኘኋት። የመኖሪያ ፈቃዷ ካለፈ ከርሟል። ትምህርቱን አቋርጣ፣ ለሰው ዕቃ እያሸገች፣ ከክፍሏ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ፊቷ እንደ ጓዳ ሽንኩርት ገርጥቷል። ለእናቷ ፊቷን ያላሳየችው ለዚህ ኖሯል።

"ለእማዬ ደህና ናት ይበሏት፣ እማማ" አለችኝ።

"አየሁሽ እኮ፣ ልጄ።"

"ቢሆንም ይበሏት።"

ለእትየ ባንቺ ስደውል "አየኋት፣ ትበላለች" አልሁ። ውሸት አይደለም፣ እኔው ነኝ የማበላት። "ደህና ናት?" ስትለኝ መስመሩ የተቋረጠ አስመሰልሁ። በየወሩ ሳህኑን እከድናለሁ፣ በየወሩ አደርሳለሁ፣ አደራው ግን እንዳለ አለ።

የግቢው ሁሉ ፍርሃት አንዲት አሮጊት ነበረች። ሊ ትባላለች፣ እኔ እትየ ሊ እላታለሁ። ክንዷ ላይ የሰፈር ጠባቂ ቀይ ጨርቅ አስራ በሩ ላይ ትቀመጣለች። የወጣውን የገባውን ታያለች፣ ለፖሊስ ትናገራለች ይባላል። ሳህኑን ይዤ በፊቷ ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። እሷ ሳህኑን ታያለች፣ እኔ መሬት አያለሁ።

አንድ ወር ላይ ፖሊስ በየቤቱ እየዞረ ያደረ እንግዳ ሁሉ ይመዝገብ አለ። በዚያው ወር ማኅበሩ አስናቀች ቤት ደረሰ። ሰው ተሳቅቆ መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሆነ። ጽዋውን በሁለት እጁ የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር ይደግሳል፣ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ቆመ። "ማነው ተረኛ?"

ሁሉም ጉልበቱን ያያል።

"አከራዬ ሰው አታብዛ ብሎኛል" አለ አንዱ።

"እኔ ልጓዝ ነው" አለች ሌላዋ።

"ወዴት?"

"ገና አልወሰንሁም።"

ሳቅ ወጣና ሞተ። ጋሽ ወንድይፍራው ጽዋውን ጠረጴዛ ላይ ሊያኖረው አጎነበሰ። ጽዋ ሳይሰጥ ከተቀመጠ ማኅበሩ ወደቀ ማለት ነው። እኔ አባል አይደለሁም፣ ድግስ አብሳይ ነኝ። ሆኖም እንዳይቀመጥ ብዬ ከእጁ ነጠቅሁት። በእጄ ይዤው ወዴት እንደማደርገው ጨንቆኝ ስዞር በሩ ተንኳኳ።

ማን ይተንፍስ! አስናቀች ከፈተች። ቀይ ጨርቋን አስራ እትየ ሊ ቆማለች። እኔ ከበሩ ሥር ነኝ፣ ጽዋ እጄ ላይ። እሜት ደብሬ ቤት ያደገ ሰው ደጃፍ ላይ ለቆመ ምን ያደርጋል? ዘረጋሁላት። እሷም ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ጠጣች።

"እማማ፣ ምን አደረጉ!" አለ ጋሽ ወንድይፍራው።

"ተቀበለች እኮ!" አለች አንዷ። "በሁለት እጇ!"

"አታውቅም እኮ፣ እነሱ ዕቃ ሁሉ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት!"

"አወቀችም አላወቀችም፣ ሚካኤል አይቷል።"

እትየ ሊ አፏን ጠርጋ ለአስናቀች አንድ ነገር ተናገረች። የመጣችው ለካ ስለ ጫማችን ነው። በር ላይ ተቆልሎ ሰው መሄጃ አጥቷል። ቀጥላ ጽዋውን እያየች ሌላ ነገር አለች፣ አስናቀች ልትነግረኝ አፈረች።

"ምን አለች? ንገሪኝ።"

"ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል አለች።"

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ልክ ነበረች። እዚያ አገር ጋን የለ፣ በፕላስቲክ በርሜል ነበር የምጠምቀው። በወይራ እንዳላጥነው ጣራው ላይ ያለችው ደወል ጭስ ስታይ ትጮኻለች። ከሁሉ የባሰው፣ ፕላስቲክ ዲዳ ነው። ጆሮዬን ብለጥፍ አይናገርም። በግምት ነበር የምከፍት፣ ሀበሾቹ ናፍቆት ስላለባቸው ዝም ብለው ይጠጣሉ። እውነቱን የነገረችኝ የፈራኋት ሴት ናት።

አስናቀች የጽዋውን ሥርዓት አስረዳቻት። አሮጊቷ አሰብ አደረገችና "እሺ" አለች። በነጋታው ትልቅ ሸክላ በጋሪ እየገፋች አመጣችልኝ። ጎመን የምታኮመጥጥበት ነበር። በፈላ ውኃና በጨው ደጋግሜ አጠብሁት። ቀኑ ሲቃረብ ጠነሰስሁና ጆሮዬን ለጠፍሁ። ጮኸ! ቅዳሜ ገበያውን ሰማሁት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን አለቀስሁ።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀንም። እትየ ሊ ማኅበሩን ምድር ቤት፣ አሮጊቶቹ ጠጠር ከሚጫወቱበት አዳራሽ ታደርገዋለች ተባለ። "ወጥመድ ነው" አሉ ሰዎቹ። "አንድ ላይ ሰብስባ ልታስይዘን ነው።" ጋሽ ወንድይፍራው ራሱ ደውሎ "እማማ፣ ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል" አለኝ። "ሆድህ ከሳምንት በፊት እንዴት አወቀ?" አልሁት። ሳምንቱን ሙሉ ሸክላው ሲያጉረመርም እኔም ከሱ ጋር አጉረመረምሁ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሰፊ፣ የመጣው ሰው ጥቂት። ጋሽ ወንድይፍራው ሆዱን ይዞ መጣ፣ ይመስገን። እኔ እንደ ልማዴ ሳህኑን ከደንሁ። እትየ ሊ ሳህኑን አየችና ወደ ኋላው ፎቅ በጣቷ ጠቆመች። የያዝሁት ማንኪያ ወደቀ።

አስናቀች ተረጎመች። "ሳህኑን በየወሩ ታይ ነበር። ወዴት እንደሚሄድም ታውቃለች። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብያለሁ ትላለች፣ አሁን ግን ቤት ለቤት ፍተሻው እየቀረበ ነው። ልጅቷ ተይዛ ከምትወጣ ራሷ ፖሊስ ዘንድ ሄዳ ትናገር። ቅጣት አለው፣ ጥቂት ቀን ልትታሰርም ትችላለች፣ ግን አገሯ ትገባለች። ከፈለገች እኔ አብሬያት እሄዳለሁ ነው የምትለው።"

"እውነቷን ነው?" አልኋት።

"እማዬ፣ እኔ ልቧን አልተረጉምም።"

ሳህኑን ይዤ ሄድሁ። ያቺ መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝማብኝ አታውቅም። እውነት ከሆነ እትየ ባንቺ ልጇን ታያለች። ወጥመድ ከሆነ በእጄ አስያዝኋት። የሺ በሩን ስትከፍት ሳህኑን አልሰጠኋትም።

"ዛሬ እዚህ አትበይውም" አልኋት። "አሮጊቷ ታውቃለች።" የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋት።

ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። "እርስዎ ምን ይላሉ፣ እማማ?"

"እኔ አላውቅም። የማውቀው ጠላ ነው። በፕላስቲክ የጠመቅሁትን ጠላ ፕላስቲክ ነው ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።"

ከተቀመጠችበት ተነሳች። ኋላ ሳህኑን አየችና "ይቀዘቅዛል" አለች። ጫማዋን ፈለገች። በቀን ብርሃን ስትወጣ ዓይኗን በእጇ ጋረደች።

አዳራሹ ስንገባ ሁሉም ቆመ። ከሳህኑ በላች። ጽዋው ሲዞር ጋሽ ወንድይፍራው ገና "ማነው ተረኛ?" ሳይል የሺ ተነሳች።

"እኔ።"

"የት ልትደግሺ፣ እታለም?" አለ ቀስ ብሎ።

"ዳባት። እናቴ ቤት።"

በሁለት እጇ ተቀበለች። ሴቶቹ እልል ሊሉ ቃጣቸውና አፋቸውን ያዙ። እትየ ሊ እያየቻቸው በእጇ "በሉ፣ በሉ" አለች። ያን ቀን እልልታ ወጣ።

በነጋታው ሁለቱ አብረው ሄዱ። እትየ ሊ ብቻዋን ተመለሰች። ከዚያ ዝም። የየሺ ስልክ አይነሳም። እትየ ባንቺ በየጥዋቱ ትደውላለች። "ዛሬስ?" ትለኛለች፣ "ገና" እላታለሁ። መስመር ተቋረጠ ብዬ አላመለጥሁም፣ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እንጀራ አልወርድልሽ አለኝ። እትየ ሊን በሩ ላይ ሳያት ፊቷን እመረምራለሁ። እሷም ደረቷን መታ መታ ታደርጋለች፣ አይዞሽ ማለቷ ይሁን እኔንም ጨንቆኛል ማለቷ አላውቅም። ማኅበርተኞቹ በአሥራ ሁለት ተሰብስበው ያለ ጽዋ ተበተኑ፣ ጽዋው በየሺ ቦርሳ ውስጥ ነውና።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። እትየ ባንቺ ናት፣ ትጮኻለች፣ ትራስ የለ ምን የለ። "ፊቷን አየሁት! ደጄ ላይ ቆማለች!" እኔ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

እኔም ጊዜዬ ደርሶ ደባርቅ ገባሁ። መንገዱ አንድ ሰሞን ተዘግቶ፣ አንድ ሰሞን ተከፍቶ፣ የዳባቱ ማኅበር ወር ከወር ሲገፋ ቆይቶ ባለፈው ሚካኤል ሆነ። ጠላውን አሁን እዚያው ዳባት ጠነሰስሁ፣ ጭነት መኪና ያስተማረኝን አልረሳሁም። ቀኑ ሲቃረብ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጠፍሁ። ምንም። በቀኙ ለጠፍሁ። ምንም። በዚያው ቤት፣ ለዚያችው ሴት፣ ሁለተኛ ላዋርዳት ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ተነስቼ የሺን ጠራኋት።

"ስሚልኝ።"

ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ ለጠፈች። "ሰው ያወራል" አለች።

"ይጣላሉ ወይስ ያንሾካሹካሉ?"

ዓይኗን ጨፈነች፣ ልክ እንደ እሜት ደብሬ። "ያንሾካሹካሉ።"

"በይ ክፈቺው።"

እንግዳው መጣ፣ ያ የተፋው አጎት ሳይቀር። ጠጥቶ ጣሳውን እንደገና ዘረጋ፣ ቃል አልተናገረም። ቄሱ ሊያሳርጉ ሲሉ እትየ ባንቺ ጓዳ የተከደነ ሳህን አየች። "ይህ የማነው? የቀረ የለ፣ ሁሉም መጥቷል" አለችኝ።

"የእትየ ሊ ነው።"

የሺ ስልኳን አነሳችና ደወለች። አሮጊቷ ቀይ ጨርቋን እንዳሰረች የስልኩ መስተዋት ላይ ብቅ አለች፣ አስናቀችም ከጎኗ። የሺ ሳህኑን ገልጣ አሳየቻት። ቀጥላ ጽዋውን አነሳችና ወደ ስልኩ ዘረጋችው። እትየ ሊ ጎንበስ አለችና ሁለት እጇን ወደኛ ዘረጋች።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

"ተቀበለች!" አለች እትየ ባንቺ። "የሚመጣው ወር እሷ ዘንድ ነው።"

"ኧረ ጨዋታ ነው" አለ አጎትየው።

"ሥርዓት ጨዋታ የለውም። አባ፣ ተቀብላለች አልተቀበለችም?"

ቄሱ ጢማቸውን አሹ። "በሁለት እጇ ነው" አሉ።

ይኸው ነው፣ ቤዛ። አሥራ ሁለት እየደረሰ ነው። ሸክላው እዚያ አለ፣ ጌሾ በሰው ልኬያለሁ። አስናቀች ግን ልብስ እንጂ ጠላ አታውቅም፣ እኔም ከዚህ ሆኜ አልሰማላትም። ስለዚህ ያልሁሽን ሁሉ ላኪላት፣ እስከ ገበያው፣ እስከ ጸቡ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ይህን አክይበት፦ አስናቀች፣ ጆሮሽን ለጥፈሽ ዓይንሽን ጨፍኚ። ሲጮህ አትንኪው። ሲያንሾካሹክ እትየ ሊን ጥሪያትና እሷም ትስማው፣ ሁለታችሁም ከሰማችሁ ያን ጊዜ ክፈቱ። ከዚያ በፊት ግን ሳህኑን ክደኚ። በዚህ ወር የቀረሁት እኔ ነኝ።